አምስት ጣቶች ወደ መሬት

ሌመን ፕሩዊት በሕይወቱ ያጋጠሙት እጅግ ትዕግሥተኛ አድማጮች ሙታን ነበሩ። ሂውስተን ውስጥ፣ ፊፍዝ ዋርድ ሰፈር፣ በአማቱ የቀብር ማስፈጸሚያ ቤት የኋላ ክፍል፣ አንዱን አስከሬን አጥቦ ሌላውን እስኪያለብስ ባለችው ፋታ፣ ከመድኃኒት ጠርሙሶቹ መደርደሪያ ሥር የሸሸጋትን ጊታር ያወጣና የሚያውቀውን አንድ ረጅም ሶሎ፣ ብቻውን የሚሮጥ የጊታር ዜማ፣ ከዳር እስከ ዳር ይወርድበታል። ከአድማጮቹ አንድም ተነሥቶ የሄደ የለም። ይህን እንደ ውዳሴ መቁጠሩ የተስፋውን ስፋትና የማስረጃውን ጥበት በአንድነት ያሳይ ነበር።

የሚመኘው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። የኮርኔሊየስ ሃይታወር ባንድ ጊታር ተጫዋች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥን ሚስት አስከትሎ ወደ ኦክላንድ ከኮበለለ ወዲህ፣ በዕንቁ አዳራሽ መድረክ ላይ ከፒያኖው ጎን አንድ ባዶ ወንበር ተቀምጧል። ገንዘብ ያዡ ሚስቱን፣ ሃይታወር ደግሞ ሪትሙን አጣ፤ ከሁለቱ ይበልጥ ያዘነው ሃይታወር እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይስማማል። ወንበሩ በማስታወቂያ የሚሞላ አይደለም። ፀጉር ቤቶችና ወጥ ቤቶች ዘግተው በሚያርፉበት፣ ሰማያዊ ሰኞ በሚሉት ቀን፣ ከቀትር በኋላ ባንዱ ለሠራተኛው ሁሉ ይጫወታል፤ ያን ጊዜ የደፈረ ሰው ወጥቶ ይቀመጣል። የቀረውን አዳራሹ ራሱ ይፈርዳል።

አማቱ ሚስተር ታዴየስ ብሩሳርድ በበኩላቸው ለሰሌዳ ጸሐፊው አዲስ ሰሌዳ አዘው ነበር፤ «ብሩሳርድና ፕሩዊት» የሚል፣ ፊደሉ የወርቅ ቅብ።

«ሰኞ ወንበሩን ካገኘህ አገኘህ» አሉት ቁርስ ላይ፣ ዳቦአቸውን ቅቤ እየቀቡ። «ካላገኘህ ማክሰኞ ስምህ ከበሩ በላይ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ እንደ ደንበኞቻችን ነህ፤ ከዚህ ቤት የምትወጣው በሳጥን ነው።»

«አባባ፣ ሙዚቃም እኮ ሥራ ነው።»

«ነው። ግን የኛን ያህል አስተማማኝ አይደለም። ዘፈን የማይወድ ሰው አይቻለሁ፤ የማይሞት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።»

ለዚህ ፈላስፎችም እስካሁን መልስ አላገኙም።

ሚስ አርዜላ ኮትስን ያወቃቸው በዚያው በኋላ ክፍል ነበር። ሚስ አርዜላ በሊየንስ ጎዳና የሴቶች ፀጉር ቤት አላቸው፤ ደንበኛቸው ስትሞት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ፀጉሯን የሚሠሩላት እሳቸው ናቸው፣ ምክንያቱም ሂውስተን ውስጥ አንዲት ክብር ያላት ሴት በማታውቀው እጅ ተሠርታ ወደ ፈጣሪዋ አትሄድም። በወጣትነታቸው ግን ከቴክሳስ እስከ ካንሳስ ሲቲ በየአውቶቡሱ ከወንዶች ባንድ ጋር ጊታር ይዘው የዞሩ ሴት ነበሩ፤ ይህን የሚያወሩት ሲጠየቁ ብቻ ነው፤ እሱንም በአጭሩ። አንድ ቀን የጋለ ማበጠሪያቸውን ይዘው ሲገቡ ሌመንን ከሶሎው መካከል አገኙት።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«ብሉዝ ነው፣ ሚስ አርዜላ።»

«እኔ ደግሞ ድመት የወደቀበት ቆርቆሮ መስሎኝ። በል ተዋት ይህችን ሴትዮ። ባሏ ያሳያት ይበቃታል።»

«ያስተምሩኛል? ሶሎ ነው የምፈልገው።»

«ሶሎ አይማሩትም። የሚማሩት ሪትም ነው። ሶሎ ከዚያ በኋላ እንደ ጢም በራሱ ይበቅላል፤ ካልበቀለም ያላበቀለልህን አምላክ ትወቅሳለህ፣ እኔን አይደለም።»

ትምህርቱ የተጀመረው በፀጉር ቤቱ ጥግ፣ ከፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ አጠገብ ነበር። ሚስ አርዜላ የአንዷን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለሉ፣ ዞር ሳይሉ፣ በጆሮአቸው ብቻ ያስተምሩታል። ከስድስቱ ክሮች ሦስቱን ብቻ እንዲይዝ፣ የቀሩትን በጣቱ ሆድ አፍኖ ዝም እንዲያሰኝ አዘዙት። ሳይጫን የሚጮህ ክር አይፈቀድም። በአንድ ቤት አራት ምት፤ ሁለተኛውና አራተኛው ጥቂት ጠንከር፤ የቀኝ አንጓ ልክ ፀጉር እንደሚቦርሽ እጅ ልል።

«እንደዚህ ከያዝከው የጣቶችህ ቅርጽ ቋሚ ቤት የለውም» አሉት። «አንገቱ ላይ ወደፈለግክበት ታንሸራትተዋለህ፣ ያው ኮርድ ነው። ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ስትሄድ ደግሞ በመሃል ያለውን ጎረቤት ሳትሳለም አትለፍ፤ ጃዝ የሚባለው እኮ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሰላምታ ማብዛት ነው።»

«ማንም አይሰማኝም እኮ እንዲህ ስጫወት።»

«ከተሰማህማ ሥራህን አልሠራህም። ስታቆም ሰዎች ምን ጎደለ ብለው ዞር ካሉ፣ ያኔ ሠርተሃል።»

ከካስኩ ሥር የምትቀመጠው ቋሚ ደንበኛ እህት ሉዌላ ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያኗ የአስተናጋጆች አለቃ፣ በሰፈሩ ደግሞ የወሬ አለቃ። ካስኩ ጆሮዋን ስለሚያደነቁራት በሹክሹክታ የምትናገረው ሁሉ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ይሰማል።

«ይሄ ልጅ ሶሎ ሲጫወት ባሌን ነው የሚያስታውሰኝ» አለች አንድ ቀን፣ ሌመን ትእዛዝ ጥሶ ሶሎውን በጀመረበት ቅጽበት። «ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ ያልቃል። ማን እንደጠየቀውም አይታወቅ።»

ሴቶቹ ሣቁ። ሚስ አርዜላ ግን አልሣቁም፤ ማበጠሪያቸውን ወደ ሉዌላ ጠቆሙ።

«ሶሎ ካማረህ እሷን ስማት። ወሬ ስታወራ ሰምተሃታል? ነገሩን አንዴ ትለዋለች። ዝም ትላለች፤ እኛ እንድንደነግጥ። ከዚያ ያንኑ ትደግመዋለች፤ ትንሽ ቅመም ጨምራ። እንደገና ዝም። በሦስተኛው ቢላውን ትመዛለች። ብሉዝ ይኸው ነው። ሉዌላ፣ እስቲ የዚያን የኦክላንዱን ልጅ ንገሪው።»

«የገንዘብ ያዡን ሚስት ይዟት ሄደ» አለች ሉዌላ። ዝም አለች። ሴቶቹ «ኧረ ተይ» አሉ። «በቅዱስ ቁርባን እሑድ፣ የገንዘብ ያዡን ሚስት ይዟት ሄደ።» ዝም አለች። «እ» አሉ ሴቶቹ። «የምጽዋቱን ሙዳይ ግን ረሱት፤ ምስኪኑ ገንዘብ ያዥ እስካሁን እሱን ነው እየቆጠረ የሚጽናናው።»

ሌመን ሣቀ፤ ትምህርቱን ግን አልሰማም። ሰው ከሚገባው ይልቅ የሚመኘውን እንደሚያዳምጥ ሁሉ፣ እሱም ልቡ በኋላ ክፍል ካስቀመጠው ሶሎ ጋር ነበር። ለሦስት ክሮች ሲሉ አማቱን መካድ አይቻልም፤ አንድ ወንድ ወንበሩን የሚይዘው ሕዝብ አፉን ከፍቶ ሲቀር ነው፤ እንዲህ ያስብ ነበር።

ችግሩ ሶሎው ኢ በሚሉት መነሻ ድምፅ የተሠራ መሆኑ ነው። ጊታር ይዞ ብቻውን ያደገ ሰው ሁሉ ኢን ይወዳል፤ በዚያ መነሻ ድምፅ ላይ ክሮቹ ሳይጫኑ በራሳቸው ስለሚዘምሩ፣ ጣት ያልሠራውን ሥራ እንጨቱ ይሠራለታል። ትራምፔትና ሳክስፎን የሚነፉ ሰዎች ግን ኢን እንደ ተስቦ ይሸሹታል፤ የእነሱ አገር ፍላቶቹ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የተደረጉት፣ ናቸው። የሃይታወር ባንድ ደግሞ መነሻውን በአፍ አይናገርም፤ መሪው ጣቶቹን ወደ መሬት ይዘረጋል፣ የጣቶቹ ብዛት የፍላቶቹ ብዛት ነው። አንድ ጣት፣ ሁለት፣ ሦስት ለዘመድ። አምስት ጣት ወደ መሬት ማለት ዲ ፍላት ነው፤ ለእንግዳ ተቆፍሮ የሚቆይ ጉድጓድ።

«አምስት ያሳይሃል» ብለውት ነበር ሚስ አርዜላ። «ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚያደርጋቸው። አትደንግጥ። ቅርጹን አንሸራት።»

ሌመን ግን ካፖ ገዛ። ካፖ የጊታር አንገት ላይ በሽቦ የሚታሰር ብረትና ጎማ ነው፤ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆንጥጦ ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ተጫዋቹ የለመደውን ቅርጽ ሳይለቅ በሌላ መነሻ ይሰማል። ሙዚቀኞች «ማጭበርበሪያ» ይሉታል፤ ከተጠቃሚው ይልቅ ለመሣሪያው እያዘኑ። አንድ ጣት ቢያሳየው፣ ሁለት ቢያሳየው፣ ያስራል፣ ይወርዳል፣ ሕዝቡ አፉን ይከፍታል። አምስት ጣት ቢሆን ካፖው የት እንደሚያርፍ ግን አልቆጠረም። አስከሬን ሲለካ በኢንች የማይስተው ሰው ይህን መዘንጋቱ የሚገርም ነው፤ ምኞት ግን ሜትር ይዞ አይዞርም።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ዕንቁ አዳራሽ በተከፈተው በር በኩል ፀሐይ ይገባበታል፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታም ይወጣበታል። ፀጉር አስተካካዮች፣ ምግብ አብሳዮች፣ ገረዶች፣ ሁሉም ከነዕረፍታቸው ነበሩ። ከፊት ያለውን ጠረጴዛ የሚስ አርዜላ ደንበኞች ይዘውታል፤ ያን ዕለት የታየው የፀጉር ከፍታ ከኋላ የተቀመጡትን ሰዎች የባንዱን ዘፋኝ አስረስቷቸዋል። ሚስተር ብሩሳርድም መጥተው ነበር፤ የድንች ሰላጣ የሞላ ሳህን ይዘው፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ ገበሬ የደረሰ ማሳ በሚያይበት ዓይን እየቃኙ።

ሌመን ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነበር፤ ይህን ያህል የታለመ ነገር መንገዳገዱ ትንሽ ቅር አሰኘው።

«የብሩሳርድ አማች ነህ አይደል?» አለ ሃይታወር፣ ትራምፔቱን በመሐረብ እየወለወለ።

«አዎ ጌታው።»

«አክስቴን ቀብረሃታል። ቆንጆ አድርገሃት ነበር። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቆንጆ ሆና አታውቅም።» ይህን ብሎ ክንዱን ወደ ጎኑ ጣለና አምስቱን ጣቶች ወደ መሬት ዘረጋ።

ዘፋኟ ኔታ ሜይ ማይክሮፎኑን ይዛ ፈገግ አለች። ድራሙ ጀመረ። ሌመን ካፖውን ከኪሱ አውጥቶ ፍሬቶቹን፣ የአንገቱን ብረቶች፣ አንድ በአንድ እየቆጠረ ወጣ፤ ከኢ እስከ ዲ ፍላት መንገዱ ረጅም ነበር። ካፖው ያረፈው ዘጠነኛው ፍሬት ላይ፣ የጊታሩ አንገት ከገላው ሊጋጠም ጥቂት ሲቀረው ነበር። ከዚያ በታች ጣት የሚያሰማራበት ቦታ አልተረፈም።

ኔታ ሜይ ዞራ አየችው፣ ማይክሮፎኑንም አላራቀችም።

«ሃይታወር፣ ይሄን ጊታር ማን ነው የገረዘው?»

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት ዓሣዋን እስክትተፋ ሣቀች። ሌመን ግን ከሙታን ጋር ያሳለፈው ጊዜ ሰው ሲስቅበት መሸሽን አላስተማረውም ነበርና ጀመረ። ጣቶቹ እንደ ተሳፋሪ ተጨናንቀው ተረጋገጡ፤ ያ በኋላ ክፍል የሚያስገመግመው ሶሎ እንደ ትንኝ ጥዝ ጥዝ አለ።

«ይብላን ወይስ እናባርረው?» አለች ኔታ ሜይ።

«መርፌ አምጡለት» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ «ወባ ነው የሚመስለው።»

ያን ጊዜ የካፖው ሽቦ ተበጠሰ። ብረቱ ከአንገቱ ተስፈንጥሮ፣ በፀሐዩ ውስጥ አንዴ ብልጭ ብሎ፣ በሚስተር ብሩሳርድ የድንች ሰላጣ ውስጥ ሰጠመ። ሽማግሌው በሹካ አወጡት፣ በናፕኪን ጠረጉት፣ ኪሳቸውም ከተቱት። በሙያቸው ከሰው ላይ የወደቀ ነገር ሁሉ ለቅርብ ዘመድ የሚመለስ ነበርና ይህን ያደረጉት ሳያስቡት ነው።

በዚያ መድረክ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ሰው ሰጠመ ተብሎ ዘፈን አይቆምም። ቤዙ ይሄዳል፣ ድራሙ ይሄዳል፤ የሰጠመው ወይ ይዋኛል ወይ ይሰምጣል። ሌመን በእጁ የቀረው ጊታርና በወርቅ ፊደል የሚጻፍ ስሙ ብቻ ነበር። ከአሁን በኋላ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሰሌዳ ሥር ሲገባ ታየው፤ ሲወጣም፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ታየው። ግራ እጁ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ወደ ሦስቱ ክሮች ወረደ። ማንም አላዘዘው፤ በፀጉር ቤቱ ጥግ ስንት ከሰዓት ሲደክም የዋለው ቅርጽ ራሱ አንገቱ ላይ ተንሸራትቶ ዲ ፍላት ላይ ቆመ፤ ዲ ፍላትም ለእሱ እንደ ማንኛውም ቤት ነበር።

አራት ምት። ሁለተኛውና አራተኛው ጠንከር። ወደሚቀጥለው ሲሄድ በመሃል ያለውን ጎረቤት ሰላም አለ፤ ሲመለስም ሰላም አለ። ኔታ ሜይ መዝፈን ጀመረች፤ እሱን ረሳችው። የሚስቁት ሰዎች ወደ ዓሣቸው ተመለሱ። በሕይወቱ እንደዚያ ችላ ተብሎ አያውቅም፤ ትከሻውም እንደዚያ ቀልሎት አያውቅም።

ሃይታወር ግን አልረሳውም። ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ፣ ትራምፔቱን ሳያወርድ፣ በግራ እጁ «ተው» የሚል ምልክት ሰጠው። ሌመን አቆመ። ወለሉ ከሥራቸው የተነሣ ይመስል ቤዝ ተጫዋቹ ቀና አለ፤ ኔታ ሜይ ከቃል መሃል ትከሻዋን ዞር አደረገች፤ ከፊት ጠረጴዛ የእህት ሉዌላ ማራገቢያ አየር ላይ ቆመ። ምን እንደጎደለ ያወቀ የለም። ሃይታወር በድጋሚ እጁን ሲያነሣ ሌመን ተመለሰ፤ ማራገቢያውም ተመለሰ። ሚስ አርዜላ ሎሚናታቸውን ጠጡ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

ከዚያ ሃይታወር ትራምፔቱን አውርዶ በአገጩ ጠቆመው። ሶሎ ነው።

የበፊቱን ሶሎ ሊያነሣ አሰበ፤ ያለ ካፖ በዲ ፍላት አንድ ጣት እንኳ የሚያርፍበት አልነበረውም። ዓይኑ ከእህት ሉዌላ ዓይን ጋር ገጠመ። የሚይዘውን ኮርድ ሳይለቅ፣ ከሦስቱ ድምፆች የላይኛውን ብቻ አንቀሳቅሶ፣ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ፤ አወጣጧም አወራረዷም ወሬ ነበር። ዝም አለ።

«ኧረ ተይ» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ ሳታስበው።

ያንኑ ደገመ፤ ጫፉ ላይ ቅመም ጨመረበት። ዝም አለ። ዝም ሲል በመሃሉ አራቱን ምት ቾክ ቾክ እያደረገ ወንበሩን አስጠበቀ።

«እ» አሉ ሴቶቹ በአንድነት።

በሦስተኛው ቢላውን መዘዘ። ረጅም አልነበረም፤ ጥቂት ድምፆች ወደ ላይ፣ አንድ ጎበጥ ያለ ድምፅ ወደ ታች፣ ከዚያ ዝም። እህት ሉዌላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«የገንዘብ ያዡን ሚስት ነው እያወራ ያለው» አለች። «ሙዳዩንም አልረሳውም።»

አዳራሹ እንደገና ፈረሰ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሌመን ከፍርስራሹ ሥር ሳይሆን ከላዩ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሃይታወር መጥቶ ከወንበሩ አጠገብ ቆመ።

«ሐሙስ እንጀምራለን። ጥቁር ሱፍ አለህ?»

«ሌላ ቀለም የለኝም፣ ጌታው።»

«ደህና። ሶሎ ስሰጥህ ብቻ። እኔ ደግሞ መስጠት አልወድም።» ትንሽ ሄዶ ተመለሰ። «ያን ብረት ለማንም አታሳይ። ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝ፤ እንዳያፍሩብኝ።»

ሚስተር ብሩሳርድ በበሩ ቆመው ለባንዱ አባላት የድርጅታቸውን ካርድ ያድሉ ነበር፤ ለድራም መቺው፣ ሲያስል ስለሰሙት፣ ሁለት። አማቻቸው ሲደርስ የቀሩትን ካርዶች ኪሳቸው ከተቱ።

«ሰሌዳውስ?» አለ ሌመን።

«ጸሐፊው ‹ብሩሳርድና› ብሎ አቁሟል። ቀሪውን ቦታ ክፍት ተውልኝ ብዬዋለሁ።» ወደ ሃይታወር፣ ወደ ቀላው ፊቱና ወደ አበጠው ጉንጩ በሙያ ዓይን ተመለከቱ። «ትራምፔት የሚነፉ ሰዎች ብዙ አይቆዩም። እጠብቃለሁ፤ ሥራዬም መጠበቅ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ሚስ አርዜላ አንዲት ሟች ሊሠሩ ሲመጡ ሽማግሌው ካፖውን በንጹሕ ፖስታ አሽገው ሰጧቸው። «ለቅርብ ዘመድ ነው የምንመልሰው፤ የጊታሩ ዘመድ ደግሞ እርስዎ ነዎት» አሉ። ከሰዓት በኋላ ፖስታው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተከፈተ። ሚስ አርዜላ ሽቦውን በጥርሳቸው አጥብቀው፣ በካስኩ ሥር በተቀመጠችው እህት ሉዌላ ግንባር ላይ አመፀኛዋን የፀጉር ክምር ቆነጠጡበት፤ ብረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የማያወጣ ነገር ያዘ። ሌመን በጥጉ ተቀምጦ አራቱን ምት ይመታ ነበር፤ መሰማቱ ግን አያስታውቅም።

«ልጁ ጊታሩን ገረዘው» አለች ሉዌላ፣ እስከ ፌርማታው በሚሰማው ሹክሹክታዋ፣ ሰኞ ላልነበረች ሴት።

ዝም አለች።

«በጠራራ ፀሐይ፣ አማቱ ፊት፣ ልጁ ጊታሩን ገረዘው።»

ዝም አለች። በዝምታዋ መሃል ሌመን አንዱን ጎረቤት ኮርድ ሰላም ብሎ አለፈ፤ ማንም አልሰማም።

«ዛሬ ደግሞ ቁራጩ ብረት እኔ ራስ ላይ ነው ያለው» አለች ሉዌላ፣ «እናም ባሌ ሲያየኝ ከልጁ ይልቅ ይደሰታል።»